እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ

«ታገሥ» ማለትን የመሰለ ርካሽ ምክር የለም። መካሪውን አምስት ሳንቲም አያስወጣውም፤ ተመካሪውን ግን ዕድሜውን ያስከፍለዋል። ይህን ያስተማሩኝ ቀይ ኮፍያ ያጠለቁ፣ ሽንፈት ያንገበገባቸው የቤዝቦል ደጋፊዎች ናቸው። ትምህርት ቤቱም ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያለች፣ ሁለት ሰውና አንድ ማሞቂያ የምትይዝ የፓርኪንግ ቡዝ ናት።

ዲሲ መኪና አቁሞ የሚያውቅ አበሻ ነገሩ አይጠፋውም። ትኬት የሚቀበለውን ሰው «ሰላም ነው?» ብሎ በአማርኛ ቢጀምር የማፈር ዕድሉ ትንሽ ነው። እኔና ጋሼ (ስማቸውን ለራሴ ላቆየው) ከእነዚያ ትኬት ተቀባዮች መካከል ነን። የምንሠራበት ፓርኪንግ ከከተማው የቤዝቦል ቡድን ከናሽናልስ ስታዲየም ብዙ አይርቅም። ጨዋታ ባለ ቀን ግቢው በመኪና ይሞላል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ልውጣ ይላል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናደዳል።

ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ የሒሳብ ሹም ነበሩ። ቤዝቦል ውስጥ የከተተቻቸው የቡዟ ሬዲዮ ናት። የጣቢያ መቀየሪያዋ ተሰብሮ ጨዋታውን በሚያስተላልፈው ጣቢያ ላይ ተቸክላ ቀረች። ጋሼ መጀመሪያ ተማረሩ፣ ቀጥለው ዝም አሉ፣ ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ። «አየህ ልጄ፣» አሉኝ አንድ ምሽት፣ «ይሄ ኦዲት ነው እንጂ ኳስ አይደለም። የወረወረው፣ የመታው፣ የሳተው አንድ ሳይቀር ይመዘገባል። እዚህ አገር ሰው ተሳስቶ የማይመዘገብበት ትዳሩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።» እኔ የአርሴናል ልጅ ነኝ፤ መጠበቅ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ስፖርት አያስፈልገኝም ነበር። ግን ቡዟ ጠባብ ናት፤ አንዱ የያዘው በሽታ ሌላውን ሳይነካው አይቀርም።

ነገሩ እንዲገባ ትንሽ ታሪክ ላውጋ። ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ናሽናልስ በ2019 ዋንጫ በላ። ሂውስተንን 4 ለ 3 ሲረታ አራቱንም ጨዋታ ያሸነፈው በሰው ሜዳ ነው። ለዲሲ ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው ዋንጫ ስለነበር ከተማው አበደ። ከዚያ ቡድኑ አረጀ። በ2021 ጁላይ ኮከቦቹን ማክስ ሸርዘርንና ትሬ ተርነርን በልውውጥ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሰጡ። ለሌላው ኮከብ ለሁዋን ሶቶ የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል ቀረበለት፤ አልፈልግም አለ። በ2022 ኦገስት እሱንም ወደ ሳን ዲዬጎ ሸኙትና በምትኩ ወጣቶች ተቀበሉ፤ ሲ.ጄ. ኤብራምስ፣ ማከንዚ ጎር፣ ያኔ ገና 19 ዓመቱ የነበረው ጄምስ ዉድ ከእነሱ መካከል ናቸው። በዚያ ዓመት ቡድኑ 55 አሸንፎ 107 ተሸነፈ። ደጋፊውም «ቡድኑ ከመሠረቱ እየተገነባ ነው፣ ታገሡ» ተባለ።

በእንግሊዝ ሊግ እንዲህ የተደበደበ ቡድን ይወርዳል። አሜሪካ መውረድ ብሎ ነገር የለም። እንዲያውም ለተሸናፊ ይታዘንለትና ከአዳዲስ ወጣቶች መካከል ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ይሰፋለታል። ናሽናልስ በ2023 በሁለተኛ ተራ ዲላን ክሩስን የወሰደው እንዲህ ነው። የተመረጠ ልጅ ታዲያ ወዲያው ዋናው ቡድን አይገባም። ፍሬድሪክስበርግ፣ ዊልሚንግተን፣ ሃሪስበርግ፣ ሮቼስተር እያለ መሰላል ይወጣል። ላይ ያለው ቡድን በተሸነፈ ቁጥር የደጋፊው ዓይን ቁልቁል መሰላሉን ይቃኛል፤ ማን ደረሰ? ማን ይጠራ?

ክርክሩ የሚደርሰን በመኪና መስኮት ነው። አንድ ቀይ ኮፍያ የማይለየው ሰው አለ፤ ሚስቱ ሁልጊዜ አጠገቡ ናት። ለመክፈል ካርዱን ይዘረጋልኛል፤ እኔ ጫፉን እይዛለሁ፤ እሱ ግን አይለቅም። አንገቱን ወደ ሚስቱ አዙሮ ያልጨረሰውን ይጨርሳል።

«ልጁን የማይጠሩት ምን ሆነው ነው?»

«ሳይበስል ጠርተው ቢያበላሹትስ?»

«እዚህ ያሉትን ያበላሻቸው ማን ሆነና? ይሄው አሰልጣኝ አይደል?»

«ዋንጫ ያመጣልንን ሰው ነው እንዲህ የምትለው?»

«ዋንጫውንማ ያመጣው ሶቶ ነው!»

እኔ ካርዱን ሳብ፣ እሱ ጨበጥ። ከኋላ ያሉት ጡሩምባቸውን ያምባርቃሉ። ሚስትየዋ በመጨረሻ እጁን መታ ስታደርገው ካርዱ ወደኔ ይመጣል፤ እነሱም እየተጨቃጨቁ ይሄዳሉ። ከስታዲየሙ ጨዋታ ይልቅ የእነሱን ውጤት የምከታተልበት ጊዜ ነበር።

ጋሼ የሚስትየዋ ወገን ነበሩ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉና ውይይቱን ይዘጉታል። እኔ ደግሞ ሒሳቡን ከራሳቸው ተምሬ ራሳቸውን እሞግታቸው ነበር። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ተጫዋች በዋናው ቡድን 172 ቀን ከተቆጠረለት አንድ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት ይያዝለታል። ስድስት ዓመት ሲሞላው ነፃ ይወጣና ከፈለገው ጋር ይዋዋላል። የውድድሩ ወቅት ግን ከ180 ቀን ይበልጣል። ስለዚህ ልጁን መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ታች ካቆዩት ዓመቱ ጎደሎ ይሆናል፤ ክለቡም በእጁ የሚያቆይበት ተጨማሪ ዓመት ያገኛል። የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሠራተኛውን አሰናብቶ በሳምንቱ በአዲስ ውል የሚቀጥር አሠሪ አገር ቤት ያጋጠመው ሰው ይህን ለመረዳት ቤዝቦል ማወቅ አያስፈልገውም። በ2024 ዋናው ቡድን ውስጥ ያለ ተጫዋች ትንሹ የዓመት ደመወዝ 740,000 ዶላር ነበር፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ሮቼስተር ላለው ትንሹ ወደ 36,000። «እና ጋሼ፣ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ የሚራበው ማነው?» ስላቸው መነጽራቸውን ማጽዳት ይጀምራሉ።

በ2024 ጁን ጋሼ አንድ የዕረፍት ቀናችንን ጠብቀው «ክሩስን በዓይኔ በብረቱ ሳላየው በልጁ ላይ አስተያየት መስጠት ነውር ነው» አሉ። ኦዲተር ሰነድ ሳያይ አይፈርምም። የኔ መኪና፣ የሳቸው ሽሮ በፍላስክ፣ መንገዱ በባልቲሞር አልፎ ወደ ሃሪስበርግ፣ ፔንሲልቬንያ። የሃሪስበርግ ስታዲየም ያለው ሳስኩሃና ወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ ነው። ከከተማው ወደ ደሴቷ የሚወስድ አሮጌ የብረት ድልድይ አለ፤ በ1996 ጎርፍ የወዲያ ማዶው ከፊሉ ስለተወሰደ ዛሬ ከደሴቷ አልፎ አይሄድም። ጋሼ ለፓርኪንግ አልከፍልም አሉ። «ቀን ሙሉ የምንቀበለውን ገንዘብ በዕረፍታችን ቀን ልንመልስ ነው እንዴ?» ብለው ከተማው ውስጥ አንድ ጥግ አሳዩኝና አቁመን ድልድዩን በእግር ተሻገርን።

ትኬት የምትሸጠው ልጅ ፈገግታዋ ያምራል። ጋሼ በትልቅ ክብር «ክሩስ ዛሬ በስንተኛ ተራ ነው የሚመታው?» ብለው ጠየቋት። «ክሩስ? ወደ ሮቼስተር ተጠርቷል እኮ» አለቻቸው። ደስ እንዲላቸው የነገረቻቸው ይመስላል። ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «ሮቼስተር ምን ያህል ይርቃል?»

«ወደ ሰሜን ሌላ አምስት ሰዓት።»

«ታዲያ ምን ቆመሃል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ «ጋሼ፣ ይታገሡ» አልኳቸው። ያየሁት ፊት አሁንም ድረስ አይረሳኝም። ከመጣን አይቀር ገባንና ስማቸውን የማናውቃቸውን ልጆች አየን፤ ሽሮውን በፍላስክ ክዳን ተካፈልን። አጠገባችን የተቀመጠ ሽማግሌ እዚህ ሃሪስበርግ ጥሩ ተጫዋች አይከርምም፣ ልጁን ስትለምደው ይወስዱታል ብሎ አጫወተን። እኛ ለምን አይጠሩትም ስንል የሚጠራበት ሰው ደግሞ እዚህ ቁጭ ብሎ ያዝናል። ድልድዩን ተሻግረን ስንመለስ የመኪናዬ መስታወት ላይ የቅጣት ወረቀት ተለጥፏል። የሰው መኪና በማቆም የምንተዳደር ሁለት ጎልማሶች፣ መኪና በማቆም ተቀጣን። ጋሼ ወረቀቱን አገላብጠው አነበቡና «ፊርማው ትክክል ነው» አሉ።

ጁላይ 1 ቀን ጄምስ ዉድ ተጠራ። የዚያን ምሽት ጋሼ ሬዲዮዋን በሁለት እጃቸው አቅፈዋት ነበር። ሁለት ሜትር የሚሆነው ልጅ በመጀመሪያ ምቱ ኳሷን ሜዳ ላይ ሲያሳርፋት ጋሼ ዘለው ተነሡ፤ ክርናቸው የመዝጊያውን ቁልፍ ተጫነ፣ እንጨቱ ወደ ላይ ወጣና ቀረ። ከቢሮ አምሽተው የሚወጡ ሰዎች በነፃ እያለፉ እጃቸውን አውለበለቡልን፤ ጋሼ የተወለበለበው ለዉድ መስሏቸው አጸፋውን መለሱ። አለቃችን የነገሩ ስፖርታዊ ትርጉም አልገባውም፤ ከደመወዛችን ቆረጠ።

ክሩስ ደግሞ ኦገስት 26 ተጠራ። ጋሼ የትኬት ጀርባ ላይ ቀኑን ቆጠሩ። ወቅቱ ሊያልቅ የቀረው 35 ቀን ነው፤ 45 ቀን ካልሞላ ልጁ በቀጣዩ ዓመትም ጀማሪ ተብሎ ይቆጠራል፤ ጀማሪ ሆኖ ከጎላ ደግሞ ክለቡ ከወጣቶች መካከል የሚመርጥበት ተጨማሪ ተራ በሽልማት ሊያገኝ ይችላል። «ሒሳቡ ንጹሕ ነው» አሉና እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ካስቀመጡ በኋላ ግን «ንጹሕ ሒሳብ ሁሉ እውነተኛ አይደለም» ብለው ጨመሩ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ የሠራ ሰው ነው የተናገረው።

የአሰልጣኙ ጉዳይ ግን መቼም አያልቅም ነበር። ዴቪ ማርቲኔዝ በ2019 ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ሲሸነፍ «ይባረር!» ተብሎ ነበር፤ በዚያው ዓመት ዋንጫ አነሣ። ደጋፊዎቹ ለሁለት የተከፈሉት እዚህ ላይ ነው። ለሚስትየዋ ያ ታሪክ የመታገሥ ማስረጃ ነው። ለባልየው ያለፈ ዶሴ ነው። በ2025 ጁን ሽንፈቱ ሲደራረብ ማርቲኔዝ ጥፋቱ በፍጹም የአሰልጣኞቹ እንዳልሆነ ለጋዜጠኞች ተናገረ። በዚያ ሳምንት ካርዱን ስቀበል አልተጓተትንም፤ ባልና ሚስት ተስማምተዋል። ሚስትየዋ «ልጆቹ ላይ አሳበበ» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ጁላይ 6 ማርቲኔዝና የበላዩ ማይክ ሪዞ በአንድ ቀን ተሰናበቱ።

ከስንብቱ በፊት 37 አሸንፈው 53 ተሸንፈው ነበር። በተተኪው በሚጌል ካይሮ ሥር 29 አሸንፈው 43 ተሸነፉ። ጋሼ በመቶኛ አስልተው ልዩነቱ አንድ እንኳ እንደማይሞላ አሳዩኝ። ዉድ በዚያ ዓመት 31 ሆምረን መታ፤ 221 ጊዜም ሳይመታ ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ ትክክል ያደረገ ልጅ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል መጠበቅ የከፈለው አንድ ሰው ሶቶ ብቻ ነው፤ የ440 ሚሊዮኑን ውል ገፍቶ በ2024 መጨረሻ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር በ765 ሚሊዮን ፈረመ። እሱ የጠበቀው ግን ለራሱ ነው፤ ሰዓቱም በእጁ ነበር። ደጋፊው የሚጠብቀው በሌላ ሰው ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን ያሰረው ሰው ደግሞ ቤቱ ተኝቶም ገቢው አይቋረጥም።

ኦክቶበር ላይ አዲስ አሰልጣኝ ተሾመ፤ ብሌክ ቡተራ፣ ዕድሜው 33። ጋሼ «የመጨረሻ ልጄ ይበልጠዋል» አሉ። ከዚያ በፊት ጁላይ ላይ ናሽናልስ በአንደኛ ተራ የመረጠው ኢላይ ዊሊትስ የሚባል የኦክላሆማ ልጅ 17 ዓመቱ ነበር፤ ፍሬድሪክስበርግ፣ ከመሰላሉ ግርጌ ጀምሯል።

«ይሄ ልጅ ላይ እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል?» አሉኝ።

«ሦስት፣ አራት።»

የትኬት ጀርባ ላይ የራሳቸውን ዕድሜ ጻፉ፣ አራት ደመሩ፣ ድምሩን አዩት። «ነገ ይጥሩት!» አሉ።

«ጋሼ! እንቁላሉስ?»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ፣ ቆሞ የሚጠብቅበት እግር ያለው ይጠብቅ» አሉኝ ጉልበታቸውን እያሹ። ቀጥሎ የመጣውን መኪና ትኬት ተቀበሉና ገና ሒሳቡን ሳይነግሩት ሾፌሩን ስለ ዊሊትስ ምን እንደሚያስብ ጠየቁት።