የደጋፊ ያለህ!

ዘንድሮም የጅቡቲ ሊግ አለቀ አሉ። መጀመሩን ያልሰማ ሰው ማለቁን ሲሰማ ምን ይበል? 10 ክለብ ነው፤ እያንዳንዱ 18 ጨዋታ ይጫወታል፤ አንዱ ዋንጫ ያነሳል፤ ከዚያ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ውድድር ላይ ገና በመጀመሪያው ዙር ተሸኝቶ ይመለሳል። ደግሞ ሌላ ዓመት። ሊጉ ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። እኛም ይህን ሁሉ ዓመት ማንን እንደምንደግፍ እንደቸገረን አለን።

እውነት ማንን እንደግፍ? የደረጃ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያነበበው ሰው የደመወዝ መዝገብ የያዘ ይመስለዋል። ወደቡ ቡድን አለው። ቴሌኮሙ ቡድን አለው። ፖሊሱ፣ ዣንዳርሜሪው፣ የሪፐብሊክ ዘቡ፣ ዩኒቨርሲቲው ሳይቀር በየዘመናቸው ሊጉ ውስጥ ታይተዋል። የሰፈር ስም የያዘ ክለብ ብርቅ ነው። የከተማ ስም የያዘውም ብቻውን አይቆምም፤ አሊ ሳቢህ ከቴሌኮም ጋር፣ አርታ ከሶላር 7 ጋር በእዝባር ተጣብቀው አንድ ክለብ ተብለዋል። ስፖንሰር ሲመጣ ስም ይጨመራል፣ ሲሄድ ይሰረዛል። ልጅ ሆኖ በአንድ ስም የጨፈረ ሰው ሲጎረምስ ሌላ ስም ይሰጡታል። በቢሮ ስም «ሆ!» ብሎ መጮህ ደግሞ ያስቸግራል። ወደቡ ሲያሸንፍ ደስ የሚለው የወደቡ ሠራተኛ ነው፤ እሱም ቢሆን ፈረቃ ላይ ካልሆነ ነው።

እኛ ጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በዚህ የምንስቅበት አፍ የለንም። የእኛን ፕሪሚየር ሊግ በ2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ በላው፤ በ2017 ደግሞ መድን ወሰደው። ባንክ ለኢንሹራንስ ዋንጫ ሲያስረክብ ማየት የሒሳብ ሠራተኛን ደስ ይለው ይሆናል። ጊዮርጊስና ቡና ግን ደጋፊ ሞልቷቸው ሜዳ አጥተዋል፤ የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተብሎ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ። ከ2013 ወዲህ ሊጉ በየተራ ከተማ እየመረጠ ይሰፍራል፤ አንዴ ሐዋሳ፣ አንዴ ድሬዳዋ፣ አንዴ አዳማ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማን፣ የአዲስ አበባው ቡናን ለማየት አውቶቡስ መሳፈር አለበት፤ ወይ ቴሌቪዥን። እንግዲህ ከአገራችን ተነስተን ጅቡቲ ስንመጣ ከድጡ ወደ ማጡ ነው የሆነብን።

እሺ፣ ሜዳ እንሂድ ብለን ቆረጥን እንበል። ትልቁ ሜዳ ኤል ሀጅ ሀሰን ጉሌድ አፕቲዶን ስታዲየም ነው፤ የአገሪቱን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ስም ይዟል። ሣሩ ሰው ሠራሽ ነው። የጅቡቲን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ፕላስቲክ ሣር ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ ኳስ ስታርፍ ጥቁር የጎማ ብናኝ ቡን ይላል፣ ተጫዋች ተንሸራቶ ሲነሳ ጉልበቱን እያራገበ ነው። ተመልካቹ በሙሉ ጥላ ያለበት በኩል ተጨናንቋል፤ ማዶ ያለው ደረጃ ባዶውን ይነዳል። በግንባሩ ላይ ካርቶን ከልሎ እዚያ የተቀመጠ አንድ ሰው ካያችሁ ወይ የበረኛው ወንድም ነው ወይ ቦታ ያጣ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ገዝታችሁ ብትገቡ ከዕረፍት በፊት ሻይ ማፍያ ትሆናለች። ይህም በደጉ ወራት ነው። ሰኔ ገብቶ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ መንፈስ ሲጀምር ስለ ኳስ የሚያወራም የለም።

ደግሞ ሰዓቱ! ቀትር ላይ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል። ጫት ከገባ በኋላ ከተማው መብራዝ፣ መቃሚያው ቤት፣ ውስጥ ነው፤ ትራስ ተደግፎ፣ ኤሲው ተከፍቶ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ደግሞ እንግሊዞች በዝናብ ይጫወታሉ። ይህን ትቶ ለፖሊስና ለዣንዳርሜሪ ግጥሚያ ፀሐይ የሚመታ ማን ነው? የጭነት መኪኖች ወደሚቆሙበት ፒኬ 12 ወርዳችሁ የእኛን ሹፌሮች ብትጠይቁ የአርሰናልን ተቀያሪ በረኛ ስም ሳያስቡ ይነግሯችኋል። ዕቃ እስኪጫንላቸው የሚጠብቁበት አገር ሻምፒዮን ማን እንደሆነ ጠይቋቸው፤ «እዚህም ሊግ አለ እንዴ?» ይሏችኋል። እኛም እዚህ የምንኖረው ከእነሱ አንሻልም።

በእርግጥ አንድ ሰሞን ወሬ ነበር። በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አሌክስ ሶንግ፣ የአርሰናሉና የባርሴሎናው፣ ለአርታ ሶላር 7 ፈረመ። ቀጥሎም የዌስትሃሙ ዲያፍራ ሳኮ መጣ፤ በ2012 ከቼልሲ ጋር የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው ሰለሞን ካሉም መጣ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያላነሳ አልነበረም። ክለቡም 2021፣ 2022 እያለ ዋንጫውን በተከታታይ ሰበሰበ። ከዚያስ? ባለገንዘቡ አንድ ሲሆን ሰንጠረዡ ከመስከረም ጀምሮ የታወቀ ሆነ። የቀሩት ክለቦች ለሁለተኛነት ይታገሉ ነበር፤ ተመልካቹም ለካሉ እንጂ ለሊጉ አልመጣም ነበርና ካሉ ሲሄድ አብሮ ሄደ።

ሁሉንም እንቻለው፤ የብሔራዊ ቡድኑ ነገር ግን ያንገበግባል። ኢትዮጵያና ጅቡቲ ለ2026 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አንድ ምድብ ደረሳቸው። ጎረቤት ናቸው። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የኤሌክትሪክ ባቡር አገናኝቷቸዋል። እዚህ ከተማ የሚኖረው ሐበሻ ባንዲራውን ለብሶ በእግሩ ስታዲየም ሊገባ ይችል ነበር። ታዲያ የት ተጫወቱ? ሞሮኮ! ሰኔ 2024 1 ለ 1 ተለያዩ፤ «ሜዳው» የጅቡቲ ነበር፣ ሞሮኮ። መጋቢት 2025 ኢትዮጵያ 6 ለ 1 አሸነፈች፤ «ሜዳው» የኢትዮጵያ ነበር፣ ያውም ሞሮኮ። ካፍ የሁለቱንም ስታዲየሞች አይመጥኑም ብሎ ስላገደ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ሰሃራን ተሻግረው ሰው አገር ተጋጠሙ። ስድስት ጎል ያገባ ቡድን ስድስቱንም ጊዜ ባዶ ወንበር ላይ ነው የጨፈረው። ግብጽም በጥቅምት 2025 ለዓለም ዋንጫ ማለፏን ያረጋገጠችው ጅቡቲን 3 ለ 0 አሸንፋ ነው፤ ካዛብላንካ፣ በጅቡቲ «ሜዳ»።

ካፍ የሚጠይቀው ደግሞ ጨረቃ አይደለም፤ ደህና መልበሻ ክፍል፣ በቂ መብራት፣ ወንበር፣ ለጋዜጠኛ የሚሆን ቦታ። ለአውሮፕላንና ለሆቴል፣ ለሰው አገር ሜዳ ኪራይ የሚወጣው ብር ቀስ በቀስ ይህን ባልሠራ ነበር? እንዲህ ያለ ጥያቄ ስታነሱ «በሒደት ላይ ነው» ትባላላችሁ። ሒደቱ እኛን ቀድሞ ካላረጀ መልካም።

የምንለምነው ጥቂት ነው። ጨዋታ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ይሁን። ማዶ ባለው ደረጃ ላይ ቆርቆሮም ቢሆን ይጣልበት። ፕሮግራሙ የሚያውቁት ሰው ላለው ብቻ አይነገር። አንድ ሁለት ክለብ ደግሞ በሰፈር ስም ተቋቁሞ ስሙን እንደያዘ ይቆይ፤ ስንጣላም በሰፈራችን እንጣላ። ይህን ያህል ወደብ፣ ይህን ያህል ባቡር የዘረጉ አገሮች ጥላና መታጠቢያ ቤት አቃታቸው ከተባለ ቢያንስ ምክንያቱ ይነገረን። ሙቀቱስ የእግዜር ነው፤ በእሱ ማንንም አንከስም።