አምስቱን ድምፅ ተዉልን

እኛ ኪቦርድ እየነካን የምንኖር ሰዎች የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በቀኝ እጃችን ዜማውን ስንጫወት ከሥሩ ሁለት ሦስት ድምፅ እያከለ ኮርድ የሚያደርግልን ትንሽ ፕሮግራም ቢኖረን፣ ያውም በነፃ ቢገኝ፣ ይበቃናል። ማታ ቤት ቁጭ ብለን ቅንብር ስንሞክር ግራ እጃችን ቤዙን ትይዛለች፣ ሃርመኒውን ላፕቶፑ ይይዛል፣ ጠዋት ዘፋኙ ሲመጣ የሚሰማው ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ፕለጊን የለም አይባልም። ሪፕኮርድ አለ፣ ኮርድዝ አለ፣ ቶንስፔስ አለ፣ ሌላም ሞልቷል። ማንንም ለይቼ አልወቅስም፤ ጊዜውን ሰጥቶ በነፃ የሠራ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ግን ደክሞናል። አንዱን አውርደን፣ አንዱን አጥፍተን፣ አንዱን ስናስተካክል ሌሊቱ እያለቀ፣ ዜማው ሳይነካ እየነጋ ደክሞናል።

ሥራው ከባድ ቢሆን ባልገረመን። ኪቦርዱ ለፕለጊኑ የሚልከው ሚዲ ድምፅ አይደለም፣ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የኪቦርድ አምራቾች ተስማምተው ሲያወጡት ለእያንዳንዱ ድምፅ ከ0 እስከ 127 ቁጥር ሰጡት። መሃል ያለው ሲ 60 ነው። ስንነካው ኪቦርዱ «60 ተነካ፣ በዚህን ያህል ኃይል» ብሎ ይልካል፤ ስንለቀው «60 ተለቀቀ» ይላል። ፕለጊኑ 60ን ተቀብሎ 64ን እና 67ን ያክልበትና ወደ ፒያኖው ያሳልፋል። ሲ ሜጀር ሆነ። በቃ፣ ይኸው ነው። በቁጥር ላይ ቁጥር ማከል ነው። ለዚህ ነው እኮ የሚያናድደው።

መጀመሪያ ነፃው ነገር ራሱ አለ። ነፃ የሚለው ቃል ለእኛ ቀልድ አይደለም። የብዙዎቻችን የባንክ ካርድ ውጭ አገር ካለ ሱቅ ዕቃ አይገዛም፤ ለሌላው የምሳ ዋጋ የሆነችው ሃያ ዶላር ለእኛ ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገር ናት። ክራክ እናውርድ ካልን ላፕቶፑን ቫይረስ ይጫወትበታል። ስለዚህ ነፃ ሲባል ልባችን ይከፈታል። ኢሜይል ስጡ ይሉናል፣ እንሰጣለን። ኢሜይሉን አረጋግጡ ይሉናል፣ እናረጋግጣለን። አካውንት ክፈቱ ይሉናል፣ እንከፍታለን። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ፕለጊኑ አይደለም፤ ፕለጊኑን የሚያወርደው ሌላ ፕሮግራም ነው። እሱም ደግሞ አልዘመነም ይልና ራሱን ያዘምናል። ጥቂት ሜጋባይት ለማትሞላ ነገር የወሩ ጥቅል ያልቃል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ከዜሮ ነው። በስንት መከራ ተከፍቶ ኮርዱን ሲያሰማን ደስ ይለናል፤ ሚዲውን ጎትተን ወደ ትራካችን ልንወስድ ስንል «ይህ በሙሉው ቅጂ ብቻ ነው» ይላል። ታዲያ ቀድማችሁ አትነግሩንም? በር ላይ ብትነግሩን እኮ አንገባም ነበር።

ሲገባም ቦታው አይገኝም። የድሮዎቹ ነፃ ፕለጊኖች ብዙዎቹ ባለ 32 ቢት ናቸው፤ የዛሬው ማክ ጨርሶ አይከፍታቸውም፣ የዛሬዎቹ የሙዚቃ ፕሮግራሞችም አብዛኞቹ አያዩዋቸውም። ቪኤስቲ የሚባለው የፕለጊን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1999 በሁለተኛው ትውልዱ ሚዲን ተቀበለ፤ በ2008 ሦስተኛው ሲመጣ የሚዲ አያያዙ ተለወጠ፤ በ2018 ደግሞ ሁለተኛውን ለአዲስ ሠሪዎች መስጠት ቆመ። ሠሪዎቹ ትውልድ ሲቀይሩ እኛ ፎልደር ስንቀይር ኖርን። ከዚያ በየሙዚቃ ፕሮግራሙ ማገናኘቱ አለ። ሪፐር ላይ ፕለጊኑን ከፒያኖው በፊት መደርደር ይበቃል። አብልተን ላይቭ ላይ ለብቻው ትራክ ይፈልግና ከሁለተኛው ትራክ ጋር ሚዲውን በእጅ ማገናኘት ያስፈልጋል። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ላይ የአንዱ መውጫ ቁጥር ከሌላው መግቢያ ቁጥር ጋር ካልገጠመ ዝም ነው። ሎጂክ ደግሞ ኤዩ የሚባለው ዓይነት ካልሆነ አላውቅህም ይላል። ጓደኛችን ስቱዲዮ ሄደን «ይሄ እኔ ቤት ይሠራ ነበር» ያላልን ማን አለ?

ይህን ሁሉ ለምደነዋል። የማይለመደው የሚመጣው ሁሉ አገናኝተን፣ ድምፅ አግኝተን፣ ትዝታ ስንጫወት ነው።

የትዝታን ቅኝት ከሲ እንጀምር፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። አምስት ድምፅ። ፕለጊኑ ቁልፉን ይጠይቀናል፤ ሲ ሜጀር እንለዋለን። ሲን ስንነካ ሲ፣ ኢ፣ ጂ ይሰጠናል፤ ደግ፣ ሁሉም የቅኝቱ ልጆች ናቸው። ኤን ስንነካ ኤ፣ ሲ፣ ኢ ይሰጠናል፤ ይህም ደግ። ዲን ስንነካ ግን ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ ይላል። ኤፍ ከየት መጣ? ትዝታ ውስጥ ኤፍ የለም። ኢን ስንነካ ኢ፣ ጂ፣ ቢ ይላል። ቢ ከየት መጣ? ጂን ስንነካ ጂ፣ ቢ፣ ዲ፤ ቢው እንደገና። ከአምስቱ ድምፅ ሦስቱ ላይ እንግዳ ይዞ ይገባል። እንግዳው ደግሞ ጥግ ይዞ አይቀመጥም፤ ሽሮ ውስጥ እንደገባ ስኳር ነው፣ አንድ ማንኪያ ድስቱን ሁሉ ያበላሸዋል። ዜማው ትዝታ ሆኖ ሳለ የምንሰማው ስሙን የማናውቀው የሆቴል ሊፍት ሙዚቃ ይሆናል።

ስኬሉን ተወውና ሁልጊዜ 4 እና 7 አክል ብንለውስ? ይብሳል። ያኔ ዲ ላይ ኤፍ ሻርፕ ያመጣል፣ ኢ ላይ ጂ ሻርፕ ያመጣል፣ ኤ ላይ ሲ ሻርፕ ያመጣል። ከድጡ ወደ ማጡ።

አንዳንዱ ዝርዝሩ ውስጥ ፔንታቶኒክ የሚል አለው። እሱን ስናይ ደስታችን! አምስቱን ድምፅ የሚያውቅ ተገኘ እንላለን። ቀርበን ስናየው ግን አምስቱን የሚጠቀምባቸው እኛን ለማረም ነው፤ ጣታችን ኤፍ ላይ ካረፈች ወደ ኢ ወይም ወደ ጂ ይገፋታል። ኮርዱን ሲሠራ ያው ወደ ሜጀሩ ሰባት ድምፆች ተመልሶ ኤፍና ቢን ይዞልን ይመጣል። እኛን አርሞ ራሱ ይሳሳታል።

አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ጉድ ነው። ከሲ ስንነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ናቸው። እነዚህን አምስቱን የያዘ ሜጀር ስኬል የለም። ዲ ፍላት ሜጀር አራቱን ይይዛል፤ የሚጎድለው ኤ ነው። ስለዚህ ኤን ስንነካ፣ ያቺን አንቺሆዬን አንቺሆዬ ያደረገች ድምፅ ስንነካ፣ ፕለጊኑ ስሕተት ናት ብሎ ወደ ኤ ፍላት ወይም ወደ ቢ ፍላት ይወስዳታል። ሠርግ ላይ ሰው ትከሻውን ሊያንቀሳቅስ ሲል የሚጠብቃት ድምፅ እኮ ናት! አምስቱም በአንድ ላይ የሚገኙበት ሃርሞኒክ ማይነር አለ፣ የቢ ፍላት። ግን እሱን ስንመርጥለት ፕለጊኑ ቤቱን ቢ ፍላት ላይ ይሠራል፤ ዜማው ሲ ላይ ሊያርፍ ሲመጣ ሃርመኒው ገና መንገድ ላይ ነው። አምባሰልም ያው ነው፤ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላትን ኤፍ ማይነር ውስጥ ያገኛቸውና ኤፍን ንጉሥ አድርጎ ቁጭ ይላል። ድምፆቹ ልክ፣ ማረፊያው ስሕተት።

ቅኝት ከሃርመኒ ጋር አይሄድም የሚል ካለ ሙላቱ አስታጥቄን ያዳምጥ። የእሱ ኢትዮ ጃዝ የተገነባው እዚሁ ላይ ነው፤ ከአምስቱ ውጭ ያለ ድምፅ ሲገባ ታስቦበት፣ ቦታው ተመርጦለት ነው የገባው። ይህን ያህል ከማሽን አንጠብቅም። የምንጠብቀው ቀላሉን ነው። ከትዝታ አምስት ድምፆች አንድ እየዘለለ ቢወስድ ኮርዱ ይሠራል፦ ሲ፣ ኢ፣ ኤ። ዲ፣ ጂ፣ ሲ። ኢ፣ ኤ፣ ዲ። ጂ፣ ሲ፣ ኢ። ኤ፣ ዲ፣ ጂ። አንዱም ከቅኝቱ አይወጣም። ክፍት ያለ፣ አየር ያለው፣ ለዘፋኙ ቦታ የሚተው ድምፅ ነው። ያው ቁጥር ማከል ነው፤ ከሰባት ይልቅ በአምስት መቁጠር ብቻ ነው የተጠየቀው።

ቅኝቱ ቢስተካከል ደግሞ አጨዋወታችን አለ። እኛ ድምፅ ነክተን ዝም አንልም፣ እንጎትተዋለን። ማሲንቆ አንድ ገመድ ይዞ የሚያለቅሰውን በኪቦርድ ለማምጣት ግራ እጃችን ድምፁን ከሚጎትተው መጠምዘዣ አትለይም። በተለመደው ሚዲ ግን መጠምዘዣው የሚያዘው ቻናሉን በሙሉ ነው። ፕለጊኑ ዜማውንም ኮርዱንም በአንድ ቻናል ስለሚልክ ዜማዋን ትንሽ ስንጎትታት ኮርዱ በሙሉ አብሮ ይንሸራተታል። ዘፋኙ ሲያለቅስ ቤቱ ሁሉ አብሮ ያዘመመ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤምፒኢ የሚባለው የሚዲ አሠራር ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ቻናል ይሰጣል፤ በእጃችን የገቡት ነፃዎቹ ግን አንዱም አላደረሰንም። ጭራሽ የመጠምዘዣውን መልእክት ውጦ የሚያስቀርም አለ።

ጉልበቱም እንዲሁ። ዜማውን ጫን ስንለው የታከሉት ድምፆች በዚያው ኃይል ይጮሃሉ። አጃቢው ከዋናው እኩል ከጮኸ ዜማው የትኛው ነው?

የተሰቀለ ድምፅ ያልጠበሰው ኪቦርዲስትም ያለ አይመስለኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ 60ን ይዘን፣ 64 እና 67 እየጮሁ፣ ኮርዱን ወደ ማይነር እንቀይራለን። ጣታችንን ስናነሳ ፕለጊኑ አዲሱን ሒሳብ ይሠራና «60፣ 63፣ 67 ተለቀቁ» ብሎ ይልካል። 63 አልተነካም ነበር። የተነካው 64 ነው፤ እሱን የለቀቀው የለም። እናም ይጮሃል። ጣት የለበትም፣ ይጮሃል። ፔዳሉን ረግጠን እንለቃለን፣ ይጮሃል። ትራኩን እናቆማለን፣ ይጮሃል። ዘፋኙ ማዳመጫውን ከጆሮው አንስቶ በመስታወቱ በኩል ያየናል። የሁሉን ድምፅ ማጥፊያ ቁልፍ ስንፈልግ፣ ስናገኘው፣ ስንጫነው የመጣው ስሜት ሄዷል። የላከውን ቁጥር ማስታወስ ይህን ያህል ከበደው?

የሚሻለው ለእያንዳንዱ ቁልፍ ኮርዱን በእጅ የምንሞላበት ዓይነት ነው። ይህን ወደነዋል፣ ቅኝታችንን የሚያስገባው እሱ ብቻ ነውና። ቁጭ ብለን ትዝታን ከሲ እንሞላለን። ያምራል። ዘፋኙ ይመጣና «ወንድሜ፣ ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ፣ ጉሮሮዬ ዛሬ ልክ አይደለም» ይላል። አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ለማለት ኪቦርዱ ላይ ያለውን ማውረጃ እንጫናለን። አሁን ኪቦርዱ በ60 ፋንታ 58 ይልካል፤ የ58 ቦታ ደግሞ ባዶ ነው፣ ቢ ፍላት ትዝታችን ውስጥ ስላልነበረ አልሞላነውም። በ62 ፋንታ 60 ይደርሳል፤ የማረፊያው ኮርድ ማረፊያ ያልሆነች ድምፅ ላይ ይወጣል። ማውረጃው ከፕለጊኑ በኋላ መምጣት እንዳለበት ሰው እስኪነግረን ስንቱን ኮርድ እንደገና ሞላነው! እሱን አስተካክለን ሳንጨርስ ዘፋኙ ባቲ ያምረዋል። ባቲ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ነው። ያባረርናቸው ኤፍና ቢ የቤት ልጆች ይሆናሉ፣ ዲ እና ኤ በተራቸው ይወጣሉ፣ የሞላነው ሁሉ ይፈርሳል፣ እንደገና ቁልፍ በቁልፍ።

ነፃ ፕለጊን ለምትሠሩ ሁሉ፣ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ለአሥራ ሁለቱ ድምፆች አሥራ ሁለት ትንንሽ ሳጥን አድርጉልን፤ አምስቱን እኛ እንምረጥ። ማረፊያችን የቱ እንደሆነ እኛ እንንገራችሁ። ኮርዱን ከመረጥናቸው ብቻ ሥሩ። ያስጮኻችሁትን ድምፅ እናንተው ልቀቁት። የሞላነውን በአንዲት ትንሽ ፋይል ማስቀመጥ ፍቀዱልን፤ ትዝታውን አንዳችን፣ ባቲውን ሌላችን፣ አምባሰሉንና አንቺሆዬውን ሌሎቻችን እንሞላና በቴሌግራም እንለዋወጠዋለን።