ፖምፓው እስኪሞት መጠበቅ ሰለቸን

መተሐራ ላይ ለምሳ አጥፍተነው ስንመለስ አልነሣም የሚል መኪና ሰልችቶናል። ጠዋት አዳማ ላይ በአንድ ቁልፍ ይነሣል። ወለንጪቲን አልፎ ቁልቁል ሙቀቱ ውስጥ ሲገባ ሞተሩም ናፍጣ የሚገፋለት ፖምፓም ይግላል፤ ያኔ አንዴ ከጠፋ አለቀ። ረዳቱ ጨርቅ ነክሮ ፖምፓው ላይ ይጠቀልላል፣ ከጀሪካን ውሃ ያፈስበታል፣ ሹፌሩ ይሞክራል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ ባትሪው ይደክማል። ሚኒባስ ከሆነ ምግብ ቤቱ በራፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተለምኖ ይገፋል። ጭነት የያዘ አይሱዙ ከሆነ ግን ገፊ የለም፤ ገመድ ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ጎታች መለመን ነው።

ያ እርጥብ ጨርቅ ራሱ ምርመራ ነው። ፖምፓው ሲቀዘቅዝ የሚነሣ፣ ሲግል የማይነሣ መኪና ሕመሙ ባትሪ አይደለም፣ ሞተሪኖም አይደለም። ናፍጣ ሲግል ይቀጥናል። በፖምፓው ውስጥ ናፍጣውን በሚገፋው ፕለንጀርና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከሚሊሜትር ሁለትና ሦስት ሺሕኛ አይበልጥም፤ የሰው ፀጉር ውፍረት የዚህ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ፕለንጀሩ ሲበላ ቀጭኑ ናፍጣ በዚያ ክፍተት ወደ ኋላ ያመልጣል። ሞተሩ ሲነሣ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ ናፍጣውን የሚረጨውን ኖዝል ለመክፈት የሚያስፈልገው ግፊት አይደርስም። ይህን ረዳቱ ያውቃል፣ ሹፌሩ ያውቃል፣ መካኒኩ ያውቃል። አውቀን ነው ውሃ የምናፈሰው። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ራሱ ፖምፓውን ሊያስነክሰው እንደሚችልም እናውቃለን። ግን ምን እናድርግ፣ ጭነቱ ይጠበቃል።

ለባለንብረቱ ስንነግረው መልሱ አንድ ነው፤ «እስኪቆም ይሥራ።» ጋሼ፣ ዳገት ላይ ጉልበት አጥቷል ስንለው «ይቺን ቢያጆ ግቡና እናያለን»። ጋሼ፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል ስንለው «ናፍጣ መኪና የማያጨስ የት አለ»። ጋሼ፣ ሚኒሞ ላይ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ይላል ስንለው «ጠዋት በደንብ ሲሠራ ሰምቼዋለሁ»። ቢያጆ በቢያጆ ይተካል፤ ከሽንኩርቱ በኋላ ቲማቲሙ፣ ከቲማቲሙ በኋላ የበዓሉ ገበያ ይመጣል። ፖምፓ የሚወርድበት ቀን ግን አይመጣም። መኪና ለሁለት ቀን ከቆመ የሚቀረውን ገቢ ሁሉም በጣቱ ይቆጥራል። መንገድ ላይ ለሳምንት ሲቆም የሚከፈለውን አስቀድሞ የሚቆጥር አላገኘንም።

የጭሱን ዋጋም የሚያሰላው የለም። በ2014 ክረምት ናፍጣ በሊትር 49 ብር ገደማ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 99 ብር ሊሞላ ሳንቲም ነው የቀረው። ከአዳማ ወደ አሰላ በኢተያ በኩል ስንወጣ ከኋላችን የሚቀረው ጥቁር ደመና ሳይቃጠል የወጣ የዚህ ናፍጣ ገንዘብ ነው። ከኋላ ያለው ባጃጅ መስኮት የለውም፤ ተሳፋሪው በነጠላው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚሄደው።

ደግሞ ናፍጣው! ማደያ ሄደን እንሰለፋለን። ተራችን ሲደርስ «አልቋል» ወይም «ኔትወርክ የለም»። ከ2015 ወዲህ ክፍያው በስልክ ነውና ኔትወርክ ከሌለ ናፍጣ የለም። ጭነቱ እንዳይቀር ብለን መንገድ ዳር ከጀሪካን እንገዛለን፤ በውድ ዋጋ፣ ትናንት ዘይት ወይም ውሃ በነበረበት ጀሪካን። መቂና ባቱ ዙሪያ ያለው ገበሬማ የመስኖ ሞተሩን ሁሌም በጀሪካን ናፍጣ ነው የሚያኖረው፤ ከሐይቁ ዳር አሸዋ ጋር። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳልና ታች ይተኛል፣ ጠጥቶ የሚወስደው ፖምፓው ነው። የፖምፓ ፕለንጀር የሚለሰልሰው በሌላ ዘይት አይደለም፣ በዚያው በሚያልፍበት ናፍጣ ነው። ናፍጣው ውሃ ከያዘ ብረቱ ይዝጋል፤ ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ብረት በብረት ይፋጫል። ይህ ሁሉ እያለ የወረቀት ፊልትሮ በቤንዚን አጥበው መልሰው የሚገጥሙ አሉ። የታጠበ ወረቀት ቀዳዳው ይሰፋል፤ ያቺ ማጥለል የነበረባት ቅንጣት በቀጥታ ፖምፓ ውስጥ ትገባለች።

ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለን ግን የብሎኗ ነገር ነው። ጉልበት ያጣ ፖምፓ ወዳለበት መኪና አንዱ መካኒክ ይጠራል፤ ሳያወርድ፣ ሳይለካ፣ ሽቦዋን በጥሶ የናፍጣ መጠን መወሰኛዋን ብሎን ግማሽ ዙር ያዞራታል። ያቺ ሽቦ ማንም እንዳይነካት የታሰረች ማኅተም ናት። መኪናው ያን ዕለት ይሮጣል። ሹፌሩ ይደሰታል፣ ባለንብረቱ «አየህ፣ ቀላል ነበር» ይላል፣ መካኒኩ ሂሳቡን ይቀበላል። የተበላው ፕለንጀር ግን እንደተበላ ነው። የተጨመረው ናፍጣ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ የጭስ ማውጫው ሙቀት ከልኩ ያልፋል፣ ዳገት ላይ ፒስተን ይቀልጣል። ፖምፓውን ማደስ ይበቃ የነበረው መኪና ሙሉ ሞተር ይጠይቃል። ናፍጣው በተበላው ፖምፓ በኩል ወደ ሞተር ዘይት የሚገባበትም ጊዜ አለ። መለኪያው ላይ ዘይቱ ጨምሮ ሲታይ መጠርጠር ሲገባ «ይሄ መኪና ዘይት አይበላም» ይባላል፤ የቀጠነው ዘይት ክራንክሻፍቱን እስኪጨርሰው።

በልመና፣ በጭቅጭቅ፣ አንዳንዴም በሽማግሌ ፖምፓው ወረደ እንበል። ዕቃው የት አለ? ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር የነበረው ዶላር ከመቶ አልፎ ሄዷል፤ ጠዋት የተነገረን የፕለንጀር ዋጋ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። «ኦሪጅናል ነው» ይባላል። ካርቶኑ ኦሪጅናል ነው፤ ውስጡ ያለውን የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው። ካልሆነ «ያገለገለ ሙሉ ፖምፓ አለ፣ ገጥመህ ውጣ» ይሉናል። ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ የማይታወቅ የደከመ ፖምፓ አውርደን ስንት እንደሄደ የማይታወቅ ሌላ የደከመ ፖምፓ እንሰቅላለን።

ሥራው የሚሠራበትን ቤት ደግሞ ተመልከቱት። የሚሊሜትር ሺሕኛ የሚጠይቅ ሥራ በሩ ወደ ኮረኮንች መንገድ በተከፈተ ቤት ይሠራል። 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ተርባይኖች የተተከሉላት የአዳማ ነፋስ የስምጥ ሸለቆውን አቧራ ይዛ ትገባለች፤ የተፈታው ፕለንጀር ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ አንዱ ጥግ ሻይ ተቀምጧል። የፖምፓ መለኪያው ቴስት ቤንች ያለው ቤት ስንሄድ መብራት የለም፤ መብራት ያለው ቤት ስንሄድ ቴስት ቤንች የለም፣ «በጆሮዬ እለካዋለሁ» ይባላል። የአይሱዙ ፖምፓ አራት ፕለንጀር አለው፣ ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ። አራቱም በእኩል መጠን መላክ አለባቸው። ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ ጋ ስንሄድ በአራቱ የመስታወት ቱቦዎች ናፍጣው ጎን ለጎን እኩል ሲወጣ በዓይናችን እናያለን፤ አንዱ ዝቅ ካለ ያቆማል፣ ይፈታል፣ እንደገና ያስተካክላል። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አለ፤ እጁን መሳም የሚገባ ሰው ነው። ግን በሩ ላይ ያለው ወረፋ ስለሚረዝም ባለንብረቱ ትዕግሥት የለውም፤ በጆሮ ወደሚለካው ይወስደናል። የሚኒባሱ ፖምፓ ደግሞ አንድ ፕለንጀር ነው ለአራቱም የሚያገለግለው፤ እሱ ከተበላ ማንም ሲሊንደር አይተርፍም።

ታድሶ ሲመጣም ኖዝሉ አሮጌ ነው። «ኖዝል ለሚቀጥለው» ይባላል። አዲስ ግፊት ከፖምፓ ይወጣል፣ ያረጀው ኖዝል መርጨት ሲገባው ያንጠባጥባል፣ ጭሱ አይቆምም፣ ፖምፓ ሠሪው ይሰደባል።

ከዚያ የፈራነው ይደርሳል። ከመቂ ቲማቲም ጭነን ሌሊት ላይ ፖምፓው ይነክሳል። የተሰበረው ብረት ስብርባሪ ወደ ኖዝሎቹ ይሄዳል፤ አሁን ፖምፓም ኖዝልም ቱቦም ነው የሚጠየቀው። ረዳቱ ድንጋይ ለቅሞ ከኋላ አስፋልቱ ላይ ይደረድራል፣ ቅጠል ይቆርጣል፣ ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። ጎታች ይመጣል፣ ዋጋው በጨለማው ልክ ነው። በማግሥቱ ከላይ ያለው ሣጥን ፀሐይ ይመታዋል፣ ከታች ያለው ውሃ ያወጣል፣ ነጋዴው በስልክ ይጮኻል። መኪናው ሲነሣ ድንጋዩን የሚያነሣ የለም፤ ለሚቀጥለው ሹፌር በዚያው ይቀራል።

ባለንብረቱም ሂሳቡን ከፍሎ ዞር ይልና «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» ይለናል።

እንግዲህ አሁን በግልጽ እንነግረዋለን። ከክረምቱ በፊት፣ መኪናው በእግሩ ገብቶ በእግሩ እንዲወጣ፣ ፖምፓው ከነኖዝሎቹ ይውረድ። የወረደው አሮጌ ፕለንጀር በጋዜጣ ተጠቅልሎ በእጃችን ይሰጠን። አራቱ ቱቦዎች የለኩት በወረቀት ይጻፍልን፣ ብሎኗ በሽቦ ትታሰር፣ ሽቦዋን የሚበጥስ መካኒክ ከመኪናው አጠገብ አይድረስ። ፊልትሮው አዲስ ይገዛ። ሁለቱን ቀን እኛም ያለ አበል እንቆማለን።