ሙሉ ነው ወይስ ቁልል?

ድሬ ዳዋ የሜትር ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ስፋቱ ልክ አንድ ሜትር ነበር። የከዚራ ሰፈርን ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሰመሩትም ሐዲዱን የዘረጉት ፈረንሳዮች ናቸው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ ቀፊራ ገበያ ስትገቡ ግን ሜትሩም ኪሎውም ከዚራ ቀርተዋል። መሬት ላይ የተዘረጋ ነገር የሚሸጠው በጣሳ ነው።

ጣሳ ስል የኒዶ ጣሳ ማለቴ ነው። ወተቱ ካለቀ ዘመን ሆኖታል፣ ቀለሙ ተላልጧል፣ "900 ግራም" የሚለው ጽሑፍ ግን ሆዱ ላይ አለ። "አዴ፣ ይኼ ስንት ኪሎ ይሆናል?" ብዬ ምስር የሚሸጡ እናት ብጠይቅ፣ ጽሑፉን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። "አቦ፣ ተጽፎበት የለ እንዴ!"

ተጽፎበታል፤ ግን ስለ ዱቄት ወተት ነው። በዚያው ጣሳ ምስር ሲሞላ ኪሎን ያልፋል። አሸር፣ ማለትም የቡናው ገለባ፣ ሲሞላ ደግሞ ከተጻፈው ግማሹን እንኳ የሚያህል አይመስለኝም።

ጣጣው በጣሳው ቢያበቃ ደግ ነበር። ሙሉ የሚባል አለ፣ ከአፉ ጋር እኩል የሆነ። ቁልል የሚባል አለ፣ ከላይ እየተንሸራተተ የሚፈስ። ከቁልሉ በላይ ምርቃት አለ፤ በእፍኝ ይጨመራል፣ እፍኙም ለደንበኛ ይሰፋል፣ ለተከራካሪ ይጠባል። ይህን ወደ ግራም የሚለውጥ ስልክ እስካሁን አላየሁም።

ፈረንጅም ከዚህ አላመለጠም። ፋኒ ፋርመር የተባለች የቦስተን የምግብ ትምህርት ቤት ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የሚለካው ነገር አፉ በቢላ ይስተካከል ብላ ደነገገች። ቁልልን ከለከለች ማለት ነው፤ ቀፊራ ብትመጣ ስንቱን ታስቀጣ ነበር! ቢላው ግን ዱቄቱን አላሸነፈውም። በአሜሪካኖቹ ኩባያ ስኳር 200 ግራም፣ ማር 340 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ዱቄት በማንኪያ ቀስ ተብሎ ሲጨመር 120 ነው፣ ኩባያው ራሱ ተነክሮ ሲዛቅ 150 ሊደርስ ይችላል።

ቶሮንቶ ያለችው የእህቴ ልጅ ይህን ስለምታውቅ ነው ሚዛን የላከችው። የአያቷን፣ ማለትም የእናቴን፣ በርበሬ በግራም ልትጽፈው ፈልጋ ደወለች።

"እማማ፣ ኮረሪማው ስንት ነው?"

"ሁለት እፍኝ።"

"ጨውስ?"

"እስኪበቃው።"

"እሺ፣ እፍኝሽን ሚዛኑ ላይ አድርጊልኝ።"

እናቴ ተቆጣች። "የኔን እጅ ምን አስመዘነሽ? የራስሽ እጅ የለሽም? ሁሉንም ባንድ እጅ ስፈሪ!"

ይህን ንግግር አቅልዬ ላየው አልችልም። ሁለት እፍኝ ኮረሪማ ለአንድ እፍኝ ነጭ አዝሙድ ከተባለ፣ ትንሽ እጅ ያላት ትንሽ በርበሬ ትሠራለች እንጂ ሌላ በርበሬ አትሠራም። ትምህርት ቤት ጥምርታ ብሎ የሚያስተምረው ይኸው ነው። በርበሬው በጣሳ፣ ቅመሙ በእፍኝ ከተባለ ግን ልጅቷ እውነቷን ነው፣ ግራም ያስፈልጋታል። እናቴም ይህን ስነግራት ዝም አለች፤ ዝም ማለቷ መስማማት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ልጅቷ በለውጡ የኬክ አሠራር ላከችልን፤ ሁሉ ነገር በግራም ነው። "ቅቤ 227 ግራም፣ በክፍል ሙቀት" ይላል። የቶሮንቶ ክፍል ነው ይህን የሚለው። በሰኔ የድሬ ቀን ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ቅቤ ደግሞ እዚያው አካባቢ ቅቤነቱን ይተዋል። ሚዛኑ ላይ ያስቀመጥነው ቁጥሩን ሳናነብ ወደ ሳህኑ ጠርዝ መንገድ ጀመረ። እናቴ ሳህኑን ዘንበል አድርጋ አየችው።

"ምኑን ትመዝናለህ፣ ሦስት ሲኒ ነው፤ ቅዳው!"