አይፒ ለማስቀየር የቀረበ ማመልከቻ

ደብረ ታቦር ውስጥ ቤቱን የሚያስረዳ ሰው ቁጥር አይጠራም። «ከኢየሱስ ወረድ ብለህ፣ ከባሕር ዛፉ በስተግራ፣ ድሮ ጠላ ቤት የነበረው» ይልሃል፤ ትደርሳለህም። በቁጥር የሚታወቅ አድራሻ ካየሁ የምሠራበት የእህል መጋዘን ራውተር ብቻ ነው።

የመጋዘኑ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ባሕር ዳር ተቀምጠው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለ ገብሳቸውን በመጋዘኑ ካሜራ በኩል በስልካቸው ይጠብቃሉ። በተራ መስመር ራውተር ጠፍቶ በበራ ቁጥር ሌላ የአይፒ አድራሻ ሊሰጠው ይችላል። መብራት እንዲህ በሚመላለስበት አገር ጋሼ መጋዘናቸውን ሲያፈላልጉ ሊውሉ ነው። ስለዚህ ለማይቀያየር፣ ለስታቲክ አይፒ በየወሩ ተጨማሪ ይከፍላሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ኢንተርኔት አቅራቢያችን «መስመራችሁ ወደ ፋይበር ስለሚዞር አይፒያችሁ ይቀየራል፤ ማመልከቻ አምጡ» አለን። ቀያሪው እነሱ፣ አመልካቹ እኛ! ማህተም ያለበት ደብዳቤ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የባለቤቱን መታወቂያ ኮፒ ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በትሕትና «ወንድሜ፣ ዛሬ ኔትወርክ የለም» አለችኝ። የመጣሁት ኔትወርክ ከሚሸጥበት ቤት መሆኑን በጨዋ ደንብ አስታወስኳት። «እሱማ አዎ» አለች።

ደብረ ታቦር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሐሳቡ ወደ ጋፋት መሄዱ አይቀርም። አፄ ቴዎድሮስ እዚያ ያሠሩትን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ገደል እያስናዱ፣ መንገድ እያስጠረጉ እስከ መቅደላ አስጎትተውታል። የታደሰ ንግድ ፈቃድ የጠየቃቸው አልነበረም። እኔ የማንቀሳቅሰው አራት ቁጥር ነው፤ አንዱም ከ255 አይበልጥም።

በመጨረሻ አዲሱ አይፒ መጣ። ሳብኔት ማስኩ በ252 ያልቃል፤ አራት አድራሻ ተሰጣችሁ ማለት ነው። ደስ አለኝ። ባለሙያው ግን ያካፍለው ጀመር፦ የመጀመሪያው የኔትወርኩ መጠሪያ ነው፣ አይነካም፤ የመጨረሻው ለሁሉም መልእክት መበተኛ ነው፣ አይነካም፤ ከቀሩት አንዱ የአቅራቢው ጌትዌይ ነው። ለኛ አንድ። የጥንቱ እርቦ አራሽ እንኳ ከአራት አንዱን ለባለመሬቱ ሰጥቶ ሦስቱን ይወስድ ነበር!

የደረሰን አንዱም ቢሆን ሰው የኖረበት ነው። በዚህ ባለአራት ቁጥር አሠራር በዓለም ያለው አድራሻ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ያልታደለው ክምችት ከዋናው ጎተራ በ2003 ዓ.ም. አልቋል። ከዚያ ወዲህ ያው ይገለባበጣል። ከኛ በፊት የነበረው ሰው ምን ሲልክ እንደኖረ እንጃ፣ የኛ ኢሜይል በየደረሰበት ከቆሻሻው ጋር ይጣል ጀመር።

የጋሼ ስልክም አሮጌውን ቁጥር እየጠራ ቀረ። የጥበቃ አባታችን ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጋሼ ያዩኛል ብለው ለካሜራው እጅ ይነሳሉ። ካሜራው በታወረበት ሰሞንም አላቋረጡም። ሌሎቻችን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቡናችንን ረጋ ብለን ጠጥተናል።

እናንተም አይፒ የምታስቀይሩ ከሆነ፣ አዲሱ በደንብ እስኪሠራ አሮጌው እንዳይዘጋ በማመልከቻው ላይ አጽፉ። ስልካችሁ ላይ ቁጥር ሳይሆን የዲኤንኤስ ስም አስገቡ፤ ስሙን አንድ ቦታ ስታዞሩት ሌላው ይከተላል። ደብዳቤው ላይ ደግሞ ማህተም እንዳትረሱ።