ማክሰኞዬን ማን ሰኞ አደረገው?

የሦስተኛው ወለል ሶሌታ አርማታ የሚሞላው ማክሰኞ ነበር። ፎርማኑም፣ ሚክሰር የሚያቀርበውም፣ እኔም የምናውቀው ማክሰኞን ነው። በኤፒአይ በኩል ወደ ፕሮጀክቱ የጊዜ ሰሌዳ ሲስተም የላክሁትም ማክሰኞ ብዬ ነው። «ተመዝግቧል» የሚል መልስ መጣልኝ፤ አምኜ ተኛሁ። ሰኞ ጠዋት የአማካሪው ድርጅት ተቆጣጣሪ ሳይት ላይ ተገኘ። ፌሮው ገና ታስሮ አላለቀም። መዝገቡ ላይ «ለሙሌት ዝግጁ አይደለም» ብሎ ፈርሞ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ካላንደሩን ከፍቶ አሳየኝ፤ በእርግጥም ሰኞ ይላል። ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ ማክሰኞ አላልከኝም እንዴ?» ሲለኝ «ብዬዎታለሁ ጋሼ» ከማለት በቀር ምን አፍ አለኝ?

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ሌሊት ፈጀብኝ። ሲስተሙ ቀንን እንደ ቀን አያስቀምጥም። የእኛን እኩለ ሌሊት ወስዶ ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ይመልሰዋል፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ የማክሰኞ መባቻ ሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖ ይቀመጣል። ካላንደሩ ላይ ሲወጣ ሰዓቱ ይቀርና «ሰኞ» ብቻ ይታያል። ያለ ሰዓት ቀንን ብቻ መጻፍ እኮ አዲስ ነገር አይደለም፤ አይኤስኦ 8601 የሚባለው ደረጃ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብሎ ማቆምን ይፈቅዳል። የሙሌት ቀን ቀን ነው። ደቂቃና ሰከንድ ማን ጠየቀ?

ጥፋቱም አንድ ቦታ አይቆምም። ከሙሌቱ ቀን ተነሥተን የ7 እና የ28 ቀን የአርማታ ኪዩብ ምርመራ ቀጠሮ በራሱ እንዲመዘገብ አድርገናል። መነሻው በአንድ ቀን ሲሳሳት ተከታዮቹ ሁሉ አብረው ይንሸራተታሉ። ኪዩቡ በ27 ቀኑ ተሰብሮ ውጤቱ ሲመጣ «28 ቀን አልሞላም» ተብሎ ይመለሳል። እንደገና ደብዳቤ፣ እንደገና ማብራሪያ።

የሰዓቱስ ነገር! ሚክሰሩ «ጠዋት 2 ሰዓት» ይደርሳል ይባላል። ቢሮ ያለው ልጅ 02:00 ብሎ ይልካል፣ በሲስተሙ አቆጣጠር ግን ያ የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ልጁን አልቆጣውም። ለእሱ ከተወለደ ጀምሮ ጠዋት 2 ሰዓት 2 ሰዓት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በዓሉ ነው። መስቀልን፣ ፋሲካን፣ ኢድን አንድ በአንድ በኤፒአይ አስገባሁ። ካላንደሩ ላይ በቀለም ደምቀው ወጡ። ሥራው ግን አላያቸውም! የግንብ ሥራው በመስቀል ቀን ሠራተኛ እንዳለ ሆኖ ተቆጥሯል። ለካ ካላንደር ላይ የሚጻፍ በዓልና ሥራ የሚያስቆም በዓል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው የሚገባው የሥራ ቀናት በሚወሰኑበት ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ለዓይን ብቻ ነው፣ የማጠናቀቂያውን ቀን አንዲት ቀን እንኳ አይገፋም። ይህን የሚነግር መስመር የትም አላገኘሁም። ሳይት ላይ ቅዳሜ እንሠራለን፤ ሲስተሙ ግን ሳይጠየቅ ቅዳሜን ዕረፍት አድርጎ ነው የሚመጣው። ኢድ አልፈጥር ደግሞ በጨረቃ ነው፤ ዋዜማው ላይ ነው ቁርጡ የሚታወቀው። ያን ማታ ኮምፒውተር ላይ የሚያመሸው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ኔትወርክ መሃል ላይ ሲቋረጥ የላክሁት ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ደግሜ ብልክ ለአንድ ሶሌታ ሁለት ሙሌት ይመዘገባል፣ ብተወው ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ስሕተት ሲኖርም «400» የሚል ኮድ ብቻ ሰጥቶ ዝም ይላል። የትኛው ቦታ ላይ እንደተሳሳትሁ ቢነግረኝ ምን ይጎድልበታል?

«አንድ ቀን ምናላት» የሚሉኝ አሉ። ውል ያልያዙ ሰዎች ናቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 20.1 መሠረት ተቋራጩ ጊዜ እንዲራዘምለት የሚጠይቅበትን ምክንያት ባወቀ ወይም ማወቅ በነበረበት በ28 ቀን ውስጥ ካላሳወቀ መብቱ ይቀርበታል። 29ኛዋ ቀን ላይ የደረሰ ደብዳቤ ይዞ የተከራከረ ሰው አንድ ቀን ምን እንደምትመዝን ያውቃል። መቁጠሪያዬ ሰኞን ከማክሰኞ የማይለይ ከሆነ እኔ በምን ልተማመን?

አሁን እያንዳንዱን ቀን ከላክሁ በኋላ መልሼ እጠራዋለሁ፤ ያስገባሁትና የተቀመጠው አንድ መሆኑን በዓይኔ አያለሁ። ሥራው እጥፍ ሆነ። አብረውኝ የሚሠሩትም ያንኑ ያደርጋሉ፣ ሁላችንም ደክሞናል።

ፕሮጀክታችን እስከ 2020 ዓ.ም. ይዘልቃል። በዓላቱን «በየዓመቱ ይደገም» ብለን በፈረንጅ ቀን አስረናቸዋል፤ መስቀልን ሴፕቴምበር 27፣ ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ላይ። የ2019 ጳጉሜ ግን 6 ቀን ናት። በ2020 መስቀል ሴፕቴምበር 28፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይውላሉ። ገና ብቻ በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ጃንዋሪ 7ን አይለቅም። ሁለቱን በእጄ ላስተካክል ትናንት ጀመርኩ። መስቀልን ወደ 28 ቀይሬ ላክሁ፣ «ተመዝግቧል» አለኝ፣ መልሼ ብጠራው 27 ላይ ነው።