ለመንገድም ለሜዳም

በእኛ ጊዜ ሞተር ሳይክል አይመረጥም፤ ይሰጥሃል። ንብረት ክፍሉ ሞዴል 22 ላይ ያስፈርምህና ቁልፉን፣ የካንዴላ መፍቻውንና አንድ ፒንሳ ያስረክብሃል፤ አለቀ። አርሲ ውስጥ የእርሻ ባለሙያ ሳለሁ ለእኔ የደረሰኝ ያማሃ ዲቲ ነበር። ከአሰላ በቆጂ፣ ከበቆጂ ገበሬው ማሳ ድረስ በእሱ ነው። ለሥራም፣ ለለቅሶም፣ ለሠርግም ያው እሱ ነው። የተቀየረለት ነገር ቢኖር ጎማው ነው፤ እሱም ሲፈነዳ። ቀይ ይሁን ሰማያዊ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ፍሬኑ ይያዝ አይያዝ እንኳ የጠየቀኝ አልነበረም።

ዛሬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ የእህቴ ልጅ ሞተር ሲመርጥ አየሁላችሁ። ለእኔ ሚስት ሲመረጥልኝ ቤተ ዘመዱ ያን ያህል አልመከረም። «ጋሼ፣ በሳምንቱ ለመንገድ፣ ቅዳሜና እሁድ ለውድድር ሜዳ የምትሆን አንዲት ሞተር ነው የምፈልገው» አለኝ። እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም አልኩት። ሳቀ። እነዚህ ልጆች ተረት ስትነግራቸው ይስቃሉ፤ ተረቱ ስለእነሱ መሆኑን የሚያውቁት ኋላ ነው።

መጀመሪያ ያማረው አንድ ሺህ ሲሲ ነበር። ጉልበቷ ሁለት መቶ ፈረስ ገደማ። ይህን ሁሉ ፈረስ የት ልታግደው ነው? ቤልትዌይ ላይ የሚፈቀደው በሰዓት 55 ማይል ነው፤ ያውም መንገዱ ከተከፈተ። ጠዋትና ማታማ በእግሩ የሚሄድ ይቀድመዋል። ደግነቱ የኢንሹራንሱን ዋጋ ሲሰማ ፈረሶቹ በራሳቸው ጊዜ ተበተኑ።

ከዚያ ወደ ያማሃ አር ሲክስ ዞረ። 599 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር። ሞተሯ ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው በደቂቃ ከ14 ሺህ ዙር በላይ ሲሽከረከር ነው፤ ከዚያ በታች ተኝታለች። ሜዳ ላይ ደግ ነው። ከትራፊክ መብራት ትራፊክ መብራት ለሚሄድ ሰው ግን ምን ትሠራለታለች? ደግሞም ፋብሪካው ከ2020 ሞዴል በኋላ አሜሪካ ውስጥ ለመንገድ መሸጧን አቁሞ ለውድድር ሜዳ ብቻ አድርጓታል። የቀረው ያገለገለ ነው። ሻጩ ሁሉ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም ቆማ ሳለች ነው የወደቀችው» ይላል። ቆማ የወደቀች ሞተር በሁለቱም ጎኗ ትፋቃለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ መልስ የሰጠኝ የለም።

በመጨረሻ አር ሰቨን ገዛ። 689 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ገና ከታች ጀምሮ የምትጎትት፤ በ2021 ስትወጣ ዋጋዋ 8,999 ዶላር የነበረች። እውነቱን ለመናገር ምርጫው ደህና ነው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ አፌን ይዤ እቀመጥ ነበር።

ግን ታርጋዋ ሳይመጣ መፍታት ጀመረ። የእግር መርገጫው ወደ ኋላና ወደ ላይ ሄደ። የኋላው ፓራፋንጎ ውበት ያበላሻል ተብሎ ተነቀለ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር የመንገዱን ጭቃ በጀርባው ተሸክሞ ይገባል። ፍሬቻዎቹ ጥፍር በሚያካክሉ ተተኩ። ማርሹ ተገለበጠ፤ አንደኛው ወደ ላይ፣ የቀረው ሁሉ ወደ ታች። ምክንያቱን አስረድቶኛል፤ ለግራ መታጠፊያ አጋድሎ ሳለ ጫማው ከማርሹ ሥር አይገባለትም። ይሁን። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት ጆርጂያ አቬኑ ላይ ማጋደል የለም፤ እንቅልፍ ያልለቀቀው እግር ነው ያለው፣ የለመደውንም ይረግጣል። አራተኛ ፈልጎ ሁለተኛ ያስገባል። ሞተሯ ስትጮህ እኔ ቤት ሆኜ እሰማለሁ።

ማርሚታውን ሳስብማ ደሜ ይፈላል። ደህናውን፣ ዝም ያለውን አውጥቶ ከስሎቬንያ ድረስ አክራፖቪች የሚባል አስመጣ። «ጋሼ፣ ክብደት ይቀንሳል» አለ። ክብደት መቀነስ ከፈለገ ሁዳዴን 55 ቀን ቢጾም በነፃ ይቀንስ ነበር። ይልቅ ትንሣኤ ደርሶ ማርሚታው የቀነሰውን ዶሮ ወጡ መለሰው። እናቱን ተዉአት። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ የከለከለው ደንብ ሜሪላንድ እንዲደርስ ለቁልቢ ተስላለች።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ደግፌያለሁ፤ እሱም ገንዘብ ያላስወጣው ነው። ፋብሪካ ሞላና አሞርዛተሩን የሚያስተካክለው ለማያውቀው ሰው ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ ይታወቃል፤ የበላውም ያስታውቃል። ስለዚህ እሱ ሲቀመጥባት ሞላው ምን ያህል እንደሚወርድ መለካት ያስፈልጋል፤ ሳግ ይሉታል። ሥራው ሦስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ሞተሯን ደግፎ ይይዛል፣ አንዱ ይቀመጥባታል፣ አንዱ ይለካል። ሐምሌ ነው፣ ጋራዡ ይጋግራል። ልጁ ሙሉ የቆዳ ልብሱን ለብሶ፣ ጓንትና ራስ ቁሩ ሳይቀር፣ ተጎንብሶ ተቀምጧል፤ ክብደቱ ልክ የሜዳውን ካልሆነ ልኬቱ ይሳሳታል። ጓደኛው መሪውን ይዟል። እኔ ተንበርክኬ የባለቤቴን የልብስ ስፌት ሜትር ከኋላ ጎማው እምብርት እስከ መቀመጫው ሥር ዘርግቻለሁ። መጀመሪያ ጎማዋ ተንጠልጥሎ ለካን፣ አሁን ደግሞ ተቀምጦባት። ልዩነቱ 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን ነበረበት፤ ከ50 በላይ ሆነ። «አትተንፍስ» አልኩት። «ጋሼ፣ መተንፈስ ለውጥ የለውም» አለኝ ከራስ ቁሩ ውስጥ። ባለቤቴ ቡና ደርሷል ልትል ብቅ ብላ አየችን፣ ምንም ሳትናገር በሩን ዘጋች። ቀለበቱን በቁልፍ እያጠበቅን፣ እንደገና እየለካን፣ ቡናው በረደ። ግን ሞተሯ ከዚያ ቀን ወዲህ መታጠፊያ ላይ ታዛዥ ሆነች፤ ራሱ መስክሯል። ይህ ሥራ ለዓይን አይታይምና ፎቶ አላነሳውም። ማርሚታው ግን ከፊትም፣ ከኋላም፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ተነሥቷል።

ሜዳው ዌስት ቨርጂኒያ ነው፣ ሰሚት ፖይንት ይባላል። ዋናው ዙር ሁለት ማይል ነው፣ አሥር መታጠፊያ አለው። ለዚያ ስትሄድ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ አለ። ስፖኪዮው ይነቀላል፣ መብራቱ በፕላስተር ይታሸጋል፣ የዘይት መክፈቻው ቡሎን ተበስቶ በሽቦ ይታሰራል። የራዲያተሩ አንቲፍሪዝ ተደፍቶ ውሃ ይገባል፤ ከፈሰሰ መንገዱን አሙለጭልጮ ከኋላ የሚመጣውን ስለሚጥል ነው። ጥሩ። ግን ይህ አገር ኅዳር ላይ ይበርዳል። ውሃው ሞተሩ ውስጥ በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቀው ውሃውን ደፍቶ አንቲፍሪዝ፣ ሚያዝያ ሲመጣ አንቲፍሪዙን ደፍቶ ውሃ። ባልዲ ተሸካሚው ማን እንደሆነ ገምቱ።

ለጎማው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብርድ ልብስ አለው። ቀለድኩ እንዳትሉኝ። ከመውጣቱ በፊት ጎማው ተሸፋፍኖ እስከ 80 ዲግሪ ይሞቃል፤ መብራት በሌለበት ጄኔሬተር ይከተለዋል። በቆጂ ላይ ሌሊት ስንቀጠቀጥ እኔን ያለበሰኝ አልነበረም።

ተመልሶ ሲመጣ ጉልበቱ ላይ የተለጠፈውን ፕላስቲክ አሳየኝ፤ አስፋልቱ ፍቆታል። ደስታው! ጉልበት መሬት የሚነካው ለስግደት ነው፤ እሱን ስቅለት ላይ ጥራው ብትሉኝ ወገቡን ያመዋል።

ባለፈው ሰሞን መጣና «ጋሼ፣ ካሁን ወዲያ በተጎታች ብንወስዳት ይሻላል» አለኝ።

«ለምን አትነዳትም?»

«ስፖኪዮ መንቀል፣ መብራት ማሸግ፣ መልሶ መግጠም ሰለቸኝ። የሜዳው ጎማም ለመንገድ አይሆንም።»

«ለመንገድም ለሜዳም ብለህ አልነበር የገዛሃት?»

«ለመንገድ ሌላ አንዲት አይቻለሁ።»

ይህን ሲል ካምሪዬ ኋላ ቁጢጥ ብሎ ነበር። መጎተቻ ብረት የሚገጠምበትን ቦታ በባለቤቴ ሜትር እየለካ።